የአሰፋች ቀይ ጥራዞች

ፒያሳ ላይ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ኬክ ቤቱ ሁሉ ይሞላል። ሚኪያስ ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲሮጥ መጥቶ፣ ላፕቶፑን ጃኬቱ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎ ሲገባ፣ ከባንኮኒው እስከ መስኮቱ ሰው በሰው ላይ ነበር። ጥግ ላይ አንዲት ወንበር ብቻ ባዶዋን ቆማለች። ሄደና ጀርባዋን ያዝ አድርጎ፣

«ሰው አላት?» አለ።

ከሻይ ብርጭቋቸው ቀና ያሉት ወይዘሮ አሰፋች ነበሩ። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ እንዳያገኘው የሚጸልየው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«ሰው ሲመጣ ይቀመጥባታል» አሉ።

አስተናጋጇ ከኋላው ትሪ ተሸክማ ቆማ ነበር። «ኧረ እትዬ አሰፋች፣ ዝናብ እኮ ነው! ጠላትም ቢሆን ይቀመጥ» ብላ ወንበሯን በጉልበቷ ገፋ አደረገችለት።

«ጠላት መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«ፊትዎ።»

ሚኪያስ ተቀመጠ። ማኪያቶ አዘዘ። እሳቸው ቦርሳቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ሌባ አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንደሚያደርገው።

ጠቡ ከመጋቢት ጀምሮ የመጣ ነው። ወደ አምስት ኪሎ ሲወጡ ያለችው ትንሿ ቤተ መጻሕፍት ከ1965 እስከ 2004 ዓ.ም. ያጠራቀመቻቸውን ጋዜጦች፣ አንድ የውጭ ድርጅት በሰጣት መሣሪያ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳች ኢንተርኔት ላይ ስትጭን ከርማለች። ማንም ሰው፣ የትም ሆኖ፣ ያለ ክፍያና ያለ መታወቂያ እንዲያነባቸው። የሥራው ኃላፊ ሚኪያስ ነው። አርብ ይመረቃል፤ በሩ ላይ «ሙሉው በነጻ፣ ለሁሉም» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ፎቶ የተነሱት ጥራዞች ደግሞ ቦታ ይዘዋል ተብሎ ለወረቀት ገዢ እንዲሰጡ ተወስኗል፤ ክፍሉ የኮምፒዩተር ክፍል ይሆናል።

ወይዘሮ አሰፋች የዚያ የጋዜጣ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት። ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ቢሆናቸውም ወሬው ሲደርሳቸው ሦስት አቤቱታ ጻፉ። መልስ ሲያጡ ወንበር ይዘው መጡና የክፍሉ በር ላይ ተቀመጡ፤ ጫኞቹን አላሳልፍም አሉ። ሚኪያስም፣ «እኚህ ሴት ከእንግዲህ በዚህ በር እንዳይገቡ» የሚል ወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞበት፣ ማኅተም አስመትቶበት ለጥበቃው ለካሣሁን ሰጠው።

«ፊርማህ ያምራል» አሉ አሁን ወይዘሮ አሰፋች። «ካሣሁን አሳየኝ። መሬት መሬት እያየ ነው ያሳየኝ፤ እሱ እንኳ አፍሮ።»

«እትዬ፣ እኔ ከእርስዎ ጋር የግል ጠብ የለኝም።»

«እኔ አለኝ።»

ማኪያቶው መጣ። ሚኪያስ ስኳሩን ከሚገባው በላይ ቆይቶ አማሰለ። ጠጥቶ መውጣት ይችል ነበር፤ ግን ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው ነው፣ ከዚያም በላይ ትክክለኛው እሱ መሆኑን ከልቡ ያምን ነበር። ትክክል ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ ዝም ማለት አይሆንለትም።

«አርባ ምንጭ ያለ ተማሪ ዛሬ ስልኩን ከፍቶ የሰባ ዓመተ ምሕረት ጋዜጣ ያነባል» አለ። «እርስዎ ክፍል ለመድረስ ስንት ቀን መንገድ ይፈጅበት ነበር? በነጻ እኮ ነው የምንሰጠው!»

«እኔስ አስከፍል ነበር? ሊስትሮው፣ ለክርክር ማስረጃ ፍለጋ የመጣው ባላገር፣ ሥራ የፈታው ሁሉ ማንን ከፍሎ ነው ያነበበው? ነጻን አንተ አላመጣሃትም። የእኔ ነጻ ካርድ ሙሉ አትልም ነበር። መብራት ሲጠፋ መስኮት እከፍት ነበር፤ አለቀ።»

«የእርስዎ ነጻ ስምንት ወንበር ነበራት። ባለፈው ወር ብቻ አራት ሺህ ሰው ገብቶ አይቶልናል።»

«ምን ብሎ ገባ? ምን አጥቶ ወጣ?»

ሚኪያስ ይህን አያውቅም። ገቡ የሚለውን ቁጥር እንጂ ምን ፈልገው እንደ ገቡ የሚነግረው የለም።

«እኔ አውቅ ነበር» አሉ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ። «አንዱ የሞተ ወንድሙን ስም ይፈልጋል፤ አንዱ የቤት አዋጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ደግሞ ከዝናብ ሊጠለል ነው የመጣው፣ እንዳንተ። አንተ የምትፈልገው አርብ የሚያነሱህን ፎቶ ነው። የእኛን ጋዜጣ ለቂጥ ወረቀት ሸጠህ...»

«ስሚ አንቺ ሴትዮ!»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው እሱም የሰማው። ባንኮኒው ጋ ያለ አንድ ሽማግሌ ዞሮ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አንቺ?» አሉ ወይዘሮ አሰፋች፣ ቀስ ብለው። «እናትህን እንዲህ ነው የምትጠራት?»

«ይቅርታ።»

«አልሰማሁም።»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«አልተቀበልኩትም። ሰምቼዋለሁ ግን።»

ሻያቸውን ተጎነጩ። ከዚያ፣ ይህን ለማለት ቀጠሮ ይዘው የቆዩ ይመስል፣ «እናትን ካነሳን ዘንዳ የእኔን ልንገርህ» አሉ። «ምን እንደ ሸጥክ እወቀው።»

የተወለዱት ከዚሁ ኬክ ቤት ጀርባ፣ አሁን የቆርቆሮ አጥር ከቆመበት ቦታ ላይ ነው። አምና ሰፈሩ ፈርሶ፣ የከተማው ጫፍ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው፣ ዛሬም ፒያሳን ለማየት በሁለት አውቶቡስ ይመላለሳሉ። እናታቸው ሙሉነሽ ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ፣ አትክልት ተራ የሽንኩርት ኩንታል በጀርባዋ እያመላለሰች ነው ያሳደገቻቸው። አሰፋች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆነው ተመደቡ፤ ከሠላሳ ሁለት ተማሪዎቻቸው አንዷ እናታቸው ሆነች።

«ፊደል አላጠናሽም ብዬ በሰው ፊት ተቆጣኋት» አሉ። «ቤት ስገባ ራት ከለከለችኝ። "አንቺ እዚያ መምህር ነሽ፤ እዚህ ልጄ ነሽ" አለችኝ። በማግስቱ ግን ከሁሉ ቀድማ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።»

ሚኪያስ ሊስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ተወው።

«ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ጳጉሜን ሦስት፣ የመሠረተ ትምህርት ቀን ተከበረ። ጋዜጠኛ መጣ። እናቴ ተነሥታ፣ ጠመኔ ይዛ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስሟን በትልቁ ጻፈች። ፎቶ አነሳት። በማግስቱ በጳጉሜን አራት ጋዜጣ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ወጣች። ከሥሯ ምን ብለው እንደ ጻፉ ታውቃለህ? "አንዲት የአትክልት ተራ ሠራተኛ ስሟን ስትጽፍ።" ስሟን ጻፈች ብለው ስሟን አልጻፉም! እሷ ግን ሰሌዳው ላይ ጽፋዋለች። ሙሉነሽ ይላል። በሦስተኛው ዓመት ሞተች። ከዚያ ሌላ ፎቶ የላትም።»

«ታዲያ ቅጂ አላስነሱም?»

«ሰው ጋዜጣ ይዞ እንዳይወጣ ሠላሳ ሰባት ዓመት በሩ ላይ የጮህኩት እኔ፣ ይዤ ልውጣ? ደግሞስ ለምን ብዬ? እዚያው ነበረች። ሲከፋኝ ሄጄ አያት ነበር።»

በ1977 ቤተ መጻሕፍቷ በጽዳት ሠራተኛነት ስትቀጥራቸው ጋዜጦቹ ምድር ቤት ተቆልለው አይጥ ይበላቸው ነበር። ማንም ሳያዛቸው ከፉርኖ ዱቄት ሙጫ አፍልተው፣ በወስፌና በሲባጎ ይሰፏቸው ጀመር። ወር በወር፣ አንድ ወር አንድ ጥራዝ፣ በጥቁር ጨርቅ። ከጊዜ በኋላ ኃላፊው አይቶ መጥረጊያውን ነጠቃቸውና ክፍሉን ሰጣቸው።

«ጳጉሜን ግን አስቸገረችኝ» አሉ። «አምስት ቀን ናት። ለብቻዋ ስትሰፋ ቀጭን ነች፣ መደርደሪያ ላይ አትቆምም፤ ትወድቃለች። ስለዚህ የአሥር የአሥር ዓመቷን አንድ ላይ ሰፋኋት። እንድትለይ ደግሞ ቀይ ጨርቅ አለበስኳት። አራት ጥራዝ ወጣት። እናቴ በመጀመሪያዋ ቀይ ጥራዝ ውስጥ ናት። ዛሬ ወይ ነገ የስኳር መጠቅለያ ትሆናለች፤ ፈርመህባታል።»

ሚኪያስ ይህን ሲሰማ ውስጡ አንድ ነገር ደስ አለው፤ የደግ ሰው ደስታ አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ ስሙን ያጠፉት ሴት እጁ ላይ መጥተው ወደቁለት። ላፕቶፑን አውጥቶ ማኪያቶውን ገፍቶ ከፈተ።

«እትዬ፣ እናትዎ የትም አልሄዱም» አለ። «የስኳር መጠቅለያ አይደሉም። አሁን፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አሳይዎታለሁ። ዓለም ሁሉ ሊያያቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ አቤቱታውን ይተዉልኛል፤ ተስማማን?»

«አሳየኝና እናያለን።»

ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘ። ገጹ ተከፈተ። ዓመት፤ 1973። ወር፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ እያለ በጣቱ ወደ ታች ገፋ። ሐምሌ። ነሐሴ። ከነሐሴ በታች ምንም የለም።

እንደገና ወደ ላይ ወጣ። እንደገና ወረደ። ቆጠረ። አሥራ ሁለት።

ምናልባት ከነሐሴ ጋር ተደርባ ይሆናል ብሎ ነሐሴን ከፈተ። ነሐሴ 30 አለች። «ቀጣይ» የሚለውን ሲጫን መስከረም 1 ቀን 1974 መጣች፤ እንኳን አደረሳችሁ የሚል አበባ ከላይዋ ተስሎባት። በ1972 ሞከረ። በ1985 ሞከረ። ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥሎ ሁልጊዜ አዲስ ዓመት ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። የመመዝገቢያ ቅጹ ከውጭ ሲመጣ አሥራ ሁለት ወር ነበረው። የፈረንጁን ወር እያጠፋ በቦታው የኛን የጻፈው ራሱ ነው። መስከረም ብሎ ጀምሮ ነሐሴ ላይ ሲደርስ ቦታው አለቀ። «ለጊዜው ይሁን» ብሎ አለፈው። ጊዜው ሁለት ዓመት ሆነ።

ወይዘሮ አሰፋች ላፕቶፑን አላዩም። የሚያዩት ፊቱን ነበር፤ አንብበው ጨርሰውታል።

«ደውል» አሉ።

ፎቶ የሚያነሱትን ልጆች የምትመራው ኤዶም ናት። ድምፅዋ ጠረጴዛውን አልፎ ይሰማል።

«ኤዶም፣ ቀዮቹ ጥራዞች የት ናቸው?»

«የጳጉሜኖቹ? ፎርሙ ላይ ቦታ የላቸውም ስንልህ "ለጊዜው ወደ ጎን አድርጓቸው" አላልክም? አደረግናቸዋ።»

«ጎኑ የት ነው?»

«በሩ ጋ ነበር። ወረቀት ገዢው ሸምሰዲን ጠዋት አንድ ጊዜ ጭኖ ሄዷል፤ አሁን ሁለተኛውን እየጫነ ነው። ምነው?»

«አስቁሚው!»

«ፈርመህ ሰጥተኸው የለ? እኔን ይሰማኛል እንዴ?»

ወይዘሮ አሰፋች ቀድመው ተነሥተው ነበር። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ ዘረጉ፤ ሰፊ የወንድ ጃንጥላ ነው፣ ለሦስት ሰው ይበቃል። ሚኪያስ ሊጠጋ ሲል ወደ ሌላው ትከሻቸው አዘነበሉት። እሱ በዝናብ፣ እሳቸው በጃንጥላ ሥር፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወረዱ።

ድልድዩን ተሻግረው ሽቅብ ሲጀምሩ እሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ቆም አሉ። ሚኪያስ ይህን ጊዜ አሰበበት። ሁሉም አለ ብሎ ለቤተ መጻሕፍቷ ዳይሬክተር ጽፏል። አርብ የተጠሩት እንግዶች ፊት የአርባ ዓመት ጳጉሜን፣ ሁለት መቶ ቀን ጎድሏል ብሎ ይናገር?

«እትዬ፣ የእናትዎን ገጽ ፈልጌ አወጣልዎታለሁ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትልቅ አድርጌ አሳትሜ፣ በመስታወት አስገብቼ እሰጥዎታለሁ። የቀረውን... አርብ ይለፍና እናያለን። በመሃላችን ይቅር።»

ዞረው አዩት። ኬክ ቤት ውስጥ «አንቺ» ያላቸው ጊዜ እንኳ እንዲህ አላዩትም።

«ለእኔ ብቻ?» አሉ። «ባነርህ ምን ይላል? በነጻ ለእነማን?»

«ለሁሉም።»

«አንብበህልኛል። ና ውጣ።»

«ዳይሬክተሩ ይገድለኛል፣ እትዬ!»

«ይግደልህ። ለቅሶህ ላይ ግን አልመጣም።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ግቢው ውስጥ አይሱዙው ሸራ ለብሶ፣ ጫኞቹ ገመድ እየወጠሩ ነበር። ካሣሁን ከጥበቃ ቤቱ ወጣና ሁለቱን ተራ በተራ አየ።

«አቶ ሚኪያስ፣ እሳቸው እኮ... ያ ወረቀት...»

«እኔው ነኝ የምልህ፣ አስገባቸው!»

«አልገባም» አሉ ወይዘሮ አሰፋች፣ ከደጁ ድንጋይ ላይ እግራቸውን ሳያነሱ። «በፊርማና በማኅተም ነው የወጣሁት። በቃል አልገባም።»

«እቀደዋለሁ!»

«የተቀደደ ወረቀት አልወድም። የሚሽረውን ጻፍና ፈርም።»

«እትዬ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!»

«ታዲያ ቶሎ ጻፋ።»

ካሣሁን ፈጥኖ እስክሪብቶ አቀበለው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ሚኪያስ ውኃ ከጸጉሩ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበበት፣ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አሰፋች በማናቸውም ሰዓት እንዲገቡ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። የመኪናው ሞተር ተነሣ። እሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው፣ አንብበው፣ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ገቡ። ሚኪያስ ሮጦ መኪናው ፊት ቆመ።

ሸምሰዲን በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ወንድም፣ መሞት ካማረህ ድልድዩ አለልህ፤ እኔ ልጆች አሉኝ።»

«ይውረድ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። አውርዱት።»

«ፈርመህ! አስመዝነህ! በዝናብ አስጭነኸኝ! ቀልድ ነው?»

«አራት ቀይ ጥራዞች አሉ፤ እነሱን...» ብሎ ሚኪያስ ቆመ። ቀዮቹን ብቻ አውርዶ ሌላውን ሊሸኘው ይችል ነበር። ግን ሌላ ምን «ለጊዜው» ብሎ እንዳለፈ ራሱም አያውቅም። ማንም ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ አላረጋገጠም። «ሁሉም ይውረድ» አለ እንደገና። «ስሕተቱ የኔ ነው። ለዳይሬክተሩ እኔ እነግረዋለሁ።»

ሸምሰዲን ዘመድ አዝማዱን ሁሉ እያነሳ ሰደበው፤ ሚኪያስም ቆሞ ተሰደበ። ወይዘሮ አሰፋች ወደ መኪናው ጎን ሄደው ሸራውን ገለጥ አደረጉ። በዓይናቸው ሳይሆን በእጃቸው ነው የፈለጉት፤ የጥራዞቹን ጀርባ እየዳበሱ፣ የራሳቸውን ስፌት እየለዩ።

«ይቺ ናት» አሉ። ጫኙ ስቦ አወጣት። «ከሥሯም አለች። ያውና ሦስተኛዋ።»

አራተኛዋ የለችም። ከላይ እስከ ታች ቢወርድ የለችም። ከ1995 እስከ 2004 ያለችው ጠዋት ሄዳለች።

«የጠዋቱ ጭነት መርካቶ መጋዘን ነው» አለ ሸምሰዲን፣ ንዴቱ ሳይበርድለት። «ነገ ማለዳ ፋብሪካ ይገባል። እኔ አልፈልግልህም፤ ራስህ መጥተህ ቆፍር።»

ወይዘሮ አሰፋች የመጀመሪያዋን ጥራዝ ጥበቃ ቤት ወስደው የካሣሁን ጠረጴዛ ላይ ከፈቱ። ገጽ አልቆጠሩም፤ እጃቸው ያውቃታል። ጎንበስ ብለው አዩ። ሚኪያስ ከኋላቸው አንገቱን አሰገገ፤ ጠመኔ የያዘ እጅና ሰሌዳው ላይ የተጻፈች «ሙ» ታየችው። በክርናቸው ከለሉት። ለብዙ ጊዜ ብቻቸውን አዩ፤ ካሣሁን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ገባ። ከዚያ ጥራዙን ዘግተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ለሚኪያስ አሻገሩለት።

«ፎቶ አንሳት» አሉ። «መጀመሪያ እጅህን አድርቅ።»

ጥራዙን በሁለት እጁ ተቀበለ። የሆነ ነገር ማለት ነበረበት። «አርብ ይምጡ እትዬ» አለ። «እባክዎ። በእርስዎ ፊት ልናገረው።»

ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ዝናቡ አልቆመም፤ አሁንም አላስጠለሉትም። ባነሩ ሥር ሲደርሱ ዞር አሉ።

«መርካቶ ሳይዘጋ ሂድ» አሉት። «እኔ እናቴን አግኝቻለሁ። የሌላውን ሰው እናት አንተ ፈልግ።»